ቆመው የሚጨርሱት ሶላት

በደሴ ሆጤ ሰፈር ሙስሊም ሰው ሲሞት ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ የሚደወልለት ኑርሁሴን ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ኑርሁሴን የዚያ ቅሬ ሰብሳቢ ነው። ስልኩ ከጠራ ፒያሳ ያለውን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቁን ለሠራተኛው ጥሎ ይበራል። ቆፋሪዎቹን የሚቀሰቅስ እሱ፣ ቃሬዛውን ከቅሬው ዕቃ ቤት የሚያስወጣ እሱ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል በጣቱ የሚያሳይ እሱ። ጉድጓዱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ በደንብ አልዞረም ብሎ ያስቆፈረውን አስደፍኖ እንደገና ያስቆፈረበት ቀን አለ። ዝናብ ቢጥል፣ ሟቹ ድሃ ቢሆን፣ ካኮረፈው ሰው ቤት እንኳ ቢሆን አይቀርም። ይህን ውለታውን ማንም አይክድበትም።

ብቻ አፉ ክፉ ነው። አርፍዶ ቀብር የመጣ ሰው ካየ፣ ሰውየው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቀብር የማያውቅ ሰው ምን ያውቃል?" ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት አፈር ሲመልስ አካፋውን መሬት ላይ ከተጣለበት እንደማንሳት ከሰው እጅ ተቀበለ፤ ኑርሁሴን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "እናትህ ይህን እንኳ አላስተማረችህም?" ብሎ አንገቱን አስደፋው። የልጁ እናት ከሞተች ብዙ ጊዜዋ እንደነበር በኋላ ነገሩት። አዝኖ ነበር፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ይህ ሰው ታዲያ አንድ ነገር አያውቅም ነበር። አለማወቁንም አያውቅም ነበር።

የሟች ሶላት ከሌላው ሶላት እንደሚለይ አያውቅም። ማጎንበስ የለውም፣ ግንባርን መሬት ማስነካት የለውም፤ ሰዉ እንደቆመ ተጀምሮ እንደቆመ ያልቃል። በደሴ ሱቅ ለሱቅ የሚሯሯጥ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ነው እንግዲህ የቅሬው ሰብሳቢ የማያውቀው። እንዴት ይሆናል የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው። መስጂድ ውስጥ ሰዉ ሲሰግድ ኑርሁሴን መቃብሩ ጋ ነው። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ለሟች ሊሰገድ "ጀናዛ አለ" ሲባል ጫማውን አንጠልጥሎ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፤ ቆፋሪዎቹ ምን ላይ እንደደረሱ ማየት አለበት። በልጅነቱ ደግሞ ቀብር መከተል ሳይጀምር ደሴ አጎቱ ጋ ተላከ፤ አጎቱ ቀብር ሲሄድ እሱን ሱቅ ጠባቂ አድርጎ ነበር የሚሄደው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጢሙ ሸበተ። ሶላት ሶላት ነው፣ ልዩነቱ ከፊት ሬሳ መኖሩ ነው ብሎ እያሰበ ኖረ፤ እንዲያውም አስቦት አያውቅም ማለት ይቀላል። የቅሬውን ሰብሳቢ ደግሞ ይህን ታውቃለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አባቱ አባ ሀምዱ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ ቦርከና ዳር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስኖ የምትለማውን አንዷን ደህና መሬታቸውን ለታናሹ ልጃቸው ለሙዓዊያ ሰጡት። ሙዓዊያ ከእሳቸው ጋር ኖሮ፣ ከእሳቸው ጋር አርሶ፣ ከዚያች መሬት ሽንኩርት በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ነው። ኑርሁሴን ሱቅ አለው፣ ቤት አለው፤ መሬቷ አላማረችውም። የከነከነው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነበር፤ ታላቅ ወንድ ልጅ እያለ ነገሩን ከገበያተኛ መስማቱ። አኮረፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዒድ ኮምቦልቻ አልወረደም። ከሰው ጋር ሲቀመጥ "መሬቱን ለወሰደው ይሁንለት" እያለ ያንኑ ነገር ሲያመነዥክ ሰዉ ሁሉ ሰምቶታል።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ገባና ታረቁ። ኑርሁሴን የአባቱን ጉልበት ሳመ፣ እውነተኛ እንባ አለቀሰ፤ ቂሙም በዚያው ወጣለት። አባ ሀምዱ ያኔ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ የመንደሩ ኢማም ሼህ ሙንዚር እየሰሙ፣ አንድ ቃል አስቀመጡ።

"እኔ ስሞት ሌላ ሰው እንዳያሰግድብኝ። ኑርሁሴን ነው ፊቴ የሚቆመው። ልጄ ከልቡ ይቅር ብሎ አውፍ እንዳለኝ ሰዉ በዚያ ይወቅልኝ።"

ኑርሁሴን "ኢንሻአላህ አባ" አለ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ሁሉ ነገሩን ለመማር ይበቃ ነበር፤ ግን የማያውቀው ነገር እንዳለ ያልጠረጠረ ሰው ምኑን ይማራል።

አባ ሀምዱ በአንድ ማክሰኞ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ አረፉ። የደወለችው እሳቸውን ስታስታምም የኖረችው ታላቅ እህቱ ኡሙሰልማ ናት። ሚስቱ ቢልቂስ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በሚኒባስ ተሳፈረች፤ እሱ ደግሞ ከፒያሳ ሱቁ አጠገብ የእንጨት ሥራ ባለው፣ ስማቸው በሚባለው ጎረቤቱ ፒካፕ ወረደ። ሰውየው ጴንጤ ነው፤ በሰፈሩ ግን ያልቆመበት የሙስሊም ቀብር የለም። ኮፍያውን አውልቆ የመስጂዱን አጥር ተደግፎ ይቆማል፣ ሶላቱ ሲያልቅ ቃሬዛውን ተቀብሎ ይሸከማል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምሩ ኑርሁሴን በመስኮት እያየ ዝም ብሎ ያለቅስ ነበር። ስማቸው ሊያጽናናው ፈለገ። የሚለው ሲጠፋው በልቡ ያለውን ተናገረ። ከእናንተ ሥርዓት ሁሉ ደስ የሚለኝ የቀብሩ ሶላት ነው አለ። "ሌላ ጊዜ ታጎነብሳላችሁ፣ ትደፋላችሁ። ሰው ሲሞትባችሁ ግን ቆማችሁ ብቻ ትጨርሱታላችሁ። ወታደር ሰላምታ ሲሰጥ ይመስለኛል፤ ሟቹን ማክበር ነው አይደል?"

ኑርሁሴን እንባው ቆመ። መጀመሪያ ሰውየው የማያውቀውን ነው የሚያወራው ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ግን አሰበው፤ ይህ ሰው በዚያ ሁሉ ቀብር አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ኖሯል። እሱስ የት ነበር? አንድ እንኳ፣ አንድ የሰገደበትን ቀብር ለማስታወስ ሞከረ። ጉድጓዱ ይታየዋል፣ አካፋው ይታየዋል፣ የተነጠፈው ቅጠል ይታየዋል። ሶላት አልታየውም። ቆሌው ተገፈፈ።

"ሳታጎነብሱ ማለቴ ልክ ነኝ አይደል?" አለ ስማቸው።

"ልክ ነህ" አለ ኑርሁሴን። የዕለቱ የመጀመሪያ ውሸት ይህች ናት።

ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ በላብ አለቀ። ካላጎነበሱ ምን ያደርጋሉ? ቆመውስ ምን ይላሉ? ስንት ጊዜ? ስማቸው የሚያየውን ነው እንጂ በከንፈር የሚባለውን ከየት ያውቃል። ለቢልቂስ ደወለ። ቢልቂስ ደረሳ ቤት ያደገች፣ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን የምታስቀራ ሴት ናት፤ ብትጠየቅ በሁለት ቃል ትነግረው ነበር። ስልኩን ስታነሳ ከጀርባዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። "አቤት፣ ምን ሆንክ?" አለችው። አጠገቡ ስማቸው አለ፣ አጠገቧ የሰፈሩ ሴት ሁሉ አለ። "ምንም፣ የት ደረሳችሁ?" ብሎ ዘጋው። ሰው ሚስቱን የሚያፍርበት ነገር ይኖራል? ይኖራል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስተምራት የኖረ ባል ከሆነ ይኖራል።

ግቢው ደርሶ ከመኪናው ሳይወርድ ሰው ወረረው። አንዱ ሲለቀው ሌላው ያቅፈዋል፣ አንዱ "አብሽር" ሲለው ሌላው "አላህ ሰብሩን ይስጥህ" ይለዋል። እንደምንም ከሰው እጅ አምልጦ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ገባና ስልኩን አወጣ። ኔትወርኩ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። አንድ ቪዲዮ ተከፈተለት፤ ሰውየው በዐረብኛ እየተናገረ አንድ ጊዜ አላሁ አክበር ብሎ እጁን አነሳ፣ ከዚያ ምስሉ ቆመ። ሌላ ሞከረ። እዚያኛው ላይ ሰውየው በእያንዳንዱ ተክቢር እጁን ያነሳል፣ ቀጥሎ የተከፈተው ላይ ግን አያነሳም። የቱ ነው የኛ? ውጪ ሆኖ አንድ ሽማግሌ አሳለ። ኑርሁሴን ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ወጣ።

አንድ በር ቀርቶት ነበር፤ ሼህ ሙንዚር። ሼኹ ከመስጂዱ አጠገብ የሶላት ውዱእ ታጥበው እጅጌያቸውን እየመለሱ ሳሉ ደረሰባቸው። ሰው አልነበረም። አፉን ከፈተ፤ "ሼኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር" አለ።

ሼህ ሙንዚር ትከሻውን ያዙት። እሳቸው እንኳ ክፉ አላሰቡም። "እኔም ልነግርህ የፈለግሁት አለ" አሉት። "አባቶቻቸውን እናሰግዳለን የሚሉ ልጆች ስንቱን ጉድ አሳዩኝ መሰለህ። አንዱ ሩኩዕ ወርዶ፣ አጎንብሶ ሰዉን አስቆ፣ ሶላቱን እንደገና አሰገድኩ። በአባቱ ሬሳ ፊት። ዛሬ ግን ሀቂቃ ልቤ አርፏል፤ የሚቆመው የደሴ ቅሬ ሰብሳቢ ነው። እና ምን ልትጠይቀኝ ነበር?"

ኑርሁሴን ዓይኑን ወደ መስጂዱ መለሰ። "ሰዓቱን ነው" አለ። "ከዙሁር በኋላ ነው አይደል?"

"ከዙሁር በኋላ ነው" አሉ ሼኹ፣ ይህንንም መጠየቅህ ከሐዘንህ ነው በሚል ዓይን እያዩት።

እዚያች ላይ "አላውቅም" ቢል ኖሮ ሼኹ ምን ይሉት ነበር? ይገርማቸው ነበር፣ ምናልባትም ይስቁ ነበር። ከዚያ ጥግ ይዘው ያስጠኑት ነበር። ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። ኑርሁሴን ግን የታየው ያ ሩኩዕ የወረደ ልጅ ነበር፤ ልጁ ሼኹ አፍ ላይ የቀረ ልጅ፣ ስሙ የጠፋ፣ ጉዱ ግን ያልጠፋ።

ዙሁር ተሰገደ። ቃሬዛው ከመስጂዱ ጎን ያለው ሜዳ ላይ ወጣ። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ረድፍ ያዘ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶች ዛፉ ሥር ቆሙ፣ ስማቸውም ከነሱ ጋር። ሙዓዊያ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ስላለቀሰ ዓይኑ ተደፍኗል። ሼህ ሙንዚር ወደ ጎን ፈቀቅ አሉና የሟቹን ቃል ለማያውቅ ሁሉ አስታወቁ። አባ ሀምዱ በሕይወት ሳሉ የተናገሩት ነው፣ ልጃቸው ኑርሁሴን ያሰግዳል፣ ያለው ቅሬታ ሁሉ በዚህ ታጥቧል አሉ። ሰዉ "አላሁ አክበር" እያለ ወደ ኑርሁሴን ዞረ።

ያ ሁሉ ዓይን እላዩ ላይ ነው። በአእምሮው ውስጥ የሚፈልገው አንድ ምክንያት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቦታ የሚያስመልጠው ማናቸውም ምክንያት። አመመኝ ማለት ይችል ነበር። ሐዘኑ አቃተኝ ማለት ይችል ነበር፤ ማንም ይህን አይነቅፍበትም። ግን ሰው ሲደነግጥ የሚይዘው ለእጁ የቀረበውን ነው፤ ለኑርሁሴን አፍ ደግሞ ሦስት ዓመት ሲያመነዥከው የኖረው ነገር ይቀርበው ነበር።

"መሬቱን የወሰደ ይቁም" አለ። "ሙዓዊያ ያሰግደው።"

የተናገረውን ራሱም የሰማው ከሰዉ እኩል ነው። ያ ቃል በዚያ ቀን ጠዋት በልቡ አልነበረም፤ ከዓመት በፊት ወጥቶለት ነበር፣ ይህን አላህ ያውቃል። አሁን ግን በአባቱ ሬሳ ፊት፣ ባለቀ ቂም፣ ራሱን ሸፈነበት።

ሼህ ሙንዚር ቀረብ ብለው በዝግታ፣ "ኑርሁሴን፣ ጀናዛ ፊት ነህ እኮ" አሉት።

"ብያለሁ" አለ።

ሙዓዊያ ከረድፉ ወጣ። ከቃሬዛው ፊት ቆሞ እጁን አነሳ። ኑርሁሴን ኋለኛው ረድፍ ገብቶ ቆመ። የወንድሙን ጀርባ እያየ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሲያደርግ እያደረገ፣ ሰገደ። አራት ተክቢር ነበር፤ በመካከሉ ለየራስ በዝግታ የሚባል፣ ከዚያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታ። አለቀ። እንዲህ አጭር ነው ብሎ ማን ነግሮት። ገና ጀመርን ሲል ሰዉ ቃሬዛውን አነሳ። ይህችን ነው እንግዲህ የፈራት፤ በመኪና ውስጥ፣ በሽንት ቤት ውስጥ፣ ሼኹ ፊት ሲንቀጠቀጥላት የዋለው ይህችን ነው። እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ከቀብር ሲመለሱ ያጽናኑት የነበሩ እጆች ሁሉ ጣታቸውን ብቻ ነው የሰጡት። ስማቸው "እኔ ልሂድ" ብሎ ብቻውን ተመለሰ፤ ሌላ ጊዜ ስንብት የሚያስረዝም ሰው ያን ቀን ዓይኑን እንኳ አላሳየውም። ቢልቂስ ግን መጣች፤ ጥግ ወስዳ አፍጥጣ አየችው። "ምን ነካህ?" አለችው። "ተዪኝ" አላት። ተወችው።

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ኡሙሰልማ ሦስቱንም ቀን ምግብ ስታቀርብለት ሰሃኑን አጠገቡ አኑራ ፊቷን ትመልሳለች። በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እንግዳው ሲሳሳ ድንኳኑን የሚያፈርሱት ሰዎች መጡ። ኑርሁሴን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ዕቃ የምታጥብ እህቱን አገኛትና አጠገቧ ተቀመጠ። መሸከም አቅቶት ነበር። ነገራት። ከሐረጎ ጀምሮ ምንም ሳይተው ነገራት። ሶላቱን አላውቀውም ነበር አላት። መሬቱን አልፈለግሁም፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆኖ ነው አላት።

ኡሙሰልማ እጇ ከውሃው ሳይወጣ አዳመጠችው። ሲጨርስ ቀና ብላ አየችው።

"ኑሬ፣ ስትዋሽ እንኳ ሰው ትንቃለህ ማለት ነው?" አለችው። "አንተ? ሰው በአካፋ አያያዝ ስታዋርድ የኖርከው? ባሌን ማን ነው የቀበረልኝ? አንተ አይደለህም?"

"እታለም፣ ጉድጓዱ ጋ ነበርኩ። ሁልጊዜ ጉድጓዱ ጋ ነኝ። ወላሂ።"

"ወላሂን ተወው። እኔም ብዬዋለሁ።" አባታቸው በመጨረሻው ምሽት ደጋግመው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኑርሁሴን ይቆምልኛል ወይ እያሉ። እሷም ወላሂ ይቆማል ብላ ማለችላቸው። ከማለች በኋላ ነው ዓይናቸው እንቅልፍ የያዘው። ይህን ነገረችውና ሰሃኑን ማጠብ ቀጠለች። ኑርሁሴን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ፤ ቀና ሲል ግን እህቱ አሁንም አላመነችውም።

"የነገርከኝ እውነት ከሆነ" አለችው በመጨረሻ፣ "ለእኔ በጓዳ አይደለም የሚነገረው። ሙዓዊያን ያዋረድከው ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ተናገረው፤ ያን ቀን አምንሃለሁ። እግርህን እስማለሁ።"

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ኑርሁሴን ደሴ ተመለሰ፣ ሱቁን ከፈተ። ወሬው ከሱ ቀድሞ ሐረጎን ወጥቶ ኖሯል። ቅሬው ሲሰበሰብ ሰላምታው ቀዝቅዞ ጠበቀው፤ ግን ማንም ከሰብሳቢነቱ ውረድ አላለውም። ክፉ ሰው ነው ተባለ፣ ቂመኛ ነው ተባለ። የሚገርመው፣ ይህን ቻለው። ቂመኛ መባል እንደ ብርድ ነው፣ ይለመዳል። የማይችለው ሌላኛው ነበር፤ ሌት ተቀን ሲያሰላው ሩኩዕ እንደወረደው ልጅ ሼህ ሙንዚር ለሌላ ሰው ሲተርኩት ይሰማዋል፤ "ደግሞ የቅሬ ሰብሳቢ ነበር እኮ" ሲሉ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌ መጣበት። ሼህ ሙንዚር ከሁለት የመንደሩ አረጋውያን ጋር፣ ሙዓዊያ፣ ከኋላ ኡሙሰልማ። ቢልቂስ ምንጣፉን አነጠፈች፣ ሻይ አቀረበች። ስማቸውም ለእርቅ ተብሎ ተጠርቶ መጣ። ኡሙሰልማ በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ዓይኗን ከኑርሁሴን ላይ አልነቀለችም።

ሼኹ ብዙ አላራዘሙም። ሟቹ በመቃብር ሆኖ የልጁን አውፍታ ይጠብቃል፣ ይህ ነገር እንዲህ ተንጠልጥሎ አይቀርም አሉ። ሙዓዊያ የሚለው አለው አሉ።

ሙዓዊያ ከወንድሙ ፊት ተንበረከከ። እጁ ሽንኩርት ሲነቅል የሚውል እጅ ነው፤ በጥፍሮቹ ሥር አፈር አለ። "ጋሼ" አለ፣ "መሬቱ ያንተ ነው። በሽማግሌ ፊት ሰጥቼሃለሁ። የተከልኩት ሽንኩርት እስኪነሳ እንኳ አልልህም። አባን ብቻ አውፍ በለው። ተኝቶ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም።"

ኑርሁሴን ወንድሙን አየ። ወንድሙ ይህን መሬት ከሰጠ ነገ ኮምቦልቻ ወርዶ የሰው ዕቃ ተሸካሚ ነው የሚሆነው፤ ልጆች አሉት። ሁሉም ይህን ያውቃል፣ ኑርሁሴንም ያውቃል። መሬቱን አልፈልግም ብሎ ሊጀምር ነበር። አልፈልግም ካለ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ምን እንደሆነ ታየው፤ ሼኹ "ታዲያ ያን ቀን ለምን?" ይላሉ። ለዚያ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ እሱን ሲናገር ስማቸው እዚህ ተቀምጦ በመኪናው ውስጥ የተናገረውን ያስታውሳል፣ ቢልቂስ የዚያን ቀን ስልክ ታስታውሳለች፣ ሼኹም "ሰዓቱን ነው" ያላቸውን ያስታውሳሉ። በአንድ ቃል ሁሉም ያውቁታል።

ቀና ሲል የእህቱን ዓይን አገኘ። ኡሙሰልማ በእጇ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ዱዓ እያደረገችለት እንደነበር ያኔ ገባው። አላመንኩህም ያለችው እህቱ እውነት እንዲሆን እየለመነች ነበር።

ሼህ ሙንዚር "እህ፣ ልጄ?" አሉ።

"አውፍ ብያለሁ" አለ ኑርሁሴን።

"መሬቱንስ?"

ስማቸው ሻዩን አስቀመጠ። ሙዓዊያ አንገቱን እንደደፋ ጠበቀ። ኑርሁሴን ዓይኑን ከእህቱ ላይ አንስቶ ምንጣፉን አየ።

"ተቀብያለሁ" አለ።

ሙዓዊያ እጁን ሳመው። "አላህ ይስጥህ ጋሼ" አለው፣ ከልቡ፣ ትልቅ ውለታ እንደተዋለለት ሰው። አረጋውያኑ "እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ሼህ ሙንዚርም ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘረጉ።

ኡሙሰልማ ተነሳች። ነጠላዋን በራሷ ላይ አስተካክላ ጫማዋን በእግሯ ፈለገች። ከበሩ ሳትወጣ ዞር ብላ አየችው፤ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

"መሬቱ ነበር ለካ" አለች በዝግታ፣ ወጣችም።

ኑርሁሴን ሊከተላት ይችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ እሷም ገና ግቢው ውስጥ ናት። ግን ሼኹ ዱዓውን ጀምረው ነበር፤ አባ ሀምዱን ማር፣ ከልጃቸው ጋር ስላስታረቅኻቸው ምስጋና ላንተ ይሁን እያሉ። ኑርሁሴንም ከሰዉ ጋር እጁን ዘርግቶ አሚን አለ።